ጎማውን ማን መረጠው?

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ቅጥነትና ስለ ትውልዳችን ኃላፊነት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጎማ ግን የጻፈ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም። ስለዚህ እኛ፣ በአንድ ዶርም የምናድርና አንዲት ሞተር ቢስክሌት በጋራ የያዝን አራት ተማሪዎች፣ ይህን ጕድለት ለመሙላት ብዕር ስናነሣ አንባቢ «ምን ቸገራቸው!» ብሎ እንደሚስቅብን እናውቃለን። ይሳቅ። እኛም እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ ጎማ ማለት ክብ፣ ጥቁርና ነፋስ የሚሞላ ነገር ነው ከማለት ያለፈ ዕውቀት አልነበረንም።

ሞተሯን የገዛናት እዚሁ ጅማ፣ ጡረታ ከወጡ አንድ የግብርና ሠራተኛ ነው። 125 ሲሲ ናት፤ የጃፓን ሥራ፤ ከመካከላችን ከትንሹ በዕድሜ የምትበልጥ። አንዱ ከእቁብ የደረሰውን፣ አንዱ ወንድሙ ከዱባይ የላከለትን አመጣ፤ ሦስተኛው ላፕቶፑን ሸጠ፤ አራተኛው ተበደረ። ስማችንን መዘርዘር ለነገሩ ስለማይጠቅም በግብራችን እንጠራ። አንዱ ምሕንድስና ያጠናል። አንዱ የሕግ ተማሪ ነው። አንዱ የአጋሮ ልጅ ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሲመለስም ሞተሯን እንደ አጋሰስ ጭኖ ነው። አራተኛውን ትንሹ እንለዋለን። እርሱ የጤና ተማሪ ስለ ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከከተማ ውጭ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ጥያቄ ይጠይቃል።

ሞተሯ እጃችን ስትገባ የጎማዎቿ ጥርስ አልቆ እንደ ወለል ሊሾ ሆኖ ነበር። በመናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠሩት ጎሚስታ ወሰድናት። ጎሚስታው ሦስት ዓይነት ጎማ አወጡልን። የመጀመሪያው ላዩ ልሙጥ ሆኖ ቀጫጭን ቦይ የተቈፈረበት ነው፤ የአስፋልት ጎማ። ሁለተኛው እንደ በቆሎ ራስ ፍሬው ቀረብ ቀረብ ብሎ የተደረደረ፣ በፍሬው መካከል ግን መጠነኛ ክፍተት ያለው ነው፤ ለአስፋልትም ለአፈርም። ሦስተኛው የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጕጥ የበቀለበት፣ ጕጡም ተራርቆ የቆመ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ነው።

«ሞተሯ አፈር ላይ ስንት ቀን ትውላለች?» ብለው ጠየቁን።

«ሁልጊዜ ነዋ፣ ጋሼ!» አልን በአንድ አፍ።

ይህ ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑንም ያን ጊዜ አላወቅንም፤ ሰው ስለ ራሱ ሲዋሽ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ማታ ማታ በስልክ የዳካር ራሊን ስንመለከት ነበር የምናመሸው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውድድሩ በሳውዲ ዐረቢያ በረሓ የሚካሄድ ሲሆን፣ እነዚያ ሰዎች በአሸዋ ተራራ ላይ እንደ ሚዳቋ ሲዘሉ ያየ ወጣት ባለ ቦይ ጎማ ገዝቶ ወደ ዶርሙ ሊመለስ አይችልም። ጎሚስታው ጕጡን በጥፍራቸው እየነካኩ «ይኼ አስፋልት አይወድም» አሉን። እኛም ዋጋ ሊያስወድዱብን መስሎን ሣቅን። ድምፅ ሰጠን፤ አራት ለዜሮ።

ለጎማው ውለታውን መንፈግ አይገባንም። ትንሹ በሚሄድባቸው የሰቃ ገጠሮች ቀዩ አፈር ሲርስ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይፈርድም። እንደ ሊጥ ይይዛል፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚያ አፈር ላይ ባለ ቦይ ጎማ አሥር ሜትር ሳይሄድ ቦዩ ሁሉ በጭቃ ይደፈንና ጎማው ቀይ ሊሾ ይሆናል። ባለ ጕጡ ግን ጕጡን መሬት ውስጥ ይተክላል፤ በጕጦቹም መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ጎማው ሲዞር ጭቃውን እያራገፈ ይሄዳል። ትንሹ እግሩን ሳያወርድ ያን አቀበት የወጣ ዕለት ዶርም ገብቶ ለአንድ ሰዓት ያህል አወራልን።

አስፋልት ላይ ስንወጣ ግን ጎማው እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ነበር። መሪው እጅ ያደነዝዛል። እኛ ይህንን ድምፅ የጀግንነት ምልክት አድርገን ወሰድነው እንጂ ጎማው ሊነግረን የፈለገውን አልሰማነውም።

ባለፈው ሰኔ፣ ፈተና ሊጀመር ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የሕግ ተማሪው ትንሹን ከኋላ አስቀምጦ ከአጋሮ ይመለስ ነበር። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት፣ መታጠፊያውም ብዙ። ለሦስት ቀን ያህል ፀሓይ ሆኖ ሰንብቶ ዝናቡ ከጀመረ ዐሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው። መንገድ እጅግ የሚያንሸራትተው በዚህ ጊዜ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የሰነበተው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ገና ሳይታጠብ። የሕግ ተማሪው ደግሞ አነዳዱ ሞተሯን አጋድሞ መታጠፍ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቅለታለን፤ አንዳንዶቻችንም እናደንቅለታለን። በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ መታጠፊያው ገባ። የፊቱ ጎማ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከሥሩ ሄደ። እርሱ ክርኑና ጉልበቱ ተላጠ፤ ሄልሜቱም ተሰነጠቀ። ሞተሯ የትንሹን እግር ከሥሯ አድርጋ ተንሸራተተች፤ የቅልጥሙ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በማግስቱ የትንሹ እናት ከወልቂጤ በማለዳው መኪና መጡ። እኛ ሦስታችን በአልጋው ግርጌ ቆመን ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ልጃቸውን ከራሱ እስከ ጀሶው ድረስ በዐይናቸው ከመረመሩ በኋላ ወደ እኛ ዘወር አሉ።

«ልጆቼ፣ ምን ሆኖ ነው የወደቀው?»

መሐንዲሱ ጕሮሮውን ጠርጎ «እትዬ፣ ጎማው ነው፤ አንሸራተተ» አላቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ጎማውን ማን መረጠው?» አሉ። በቍጣ አልነበረም። «ይህን ጎመን ማን ገዛው?» ብለው እንደሚጠይቁ ያህል ነው፤ ለማወቅ። ሦስታችንም የምንመልሰው ጠፋን። የሕግ ተማሪው ክርኑ ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ ይነካካ ነበር። በመጨረሻ መልሱ ከአልጋው መጣ።

«አራታችን ነን እማዬ።»

እርሱ ፈተናውን ሳይቀመጥ ቀረ፤ ሴሚስተሩንም አቋርጦ ወደ ወልቂጤ ሄደ። የሕግ ተማሪው የሞተሯን ቍልፍ አልጋው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ቈለፈበት፤ «እኔ ነኝ የነዳሁት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ማውራት አልፈለገም። እኛ ግን የዚያች እናት ጥያቄ ከእንቅልፋችን ጋር አጣላን።

ክረምቱን ማንበብና መጠየቅ ያዝን። መሐንዲሱ መጽሐፍ ለመጽሐፍ፣ የአጋሮው ልጅ ደግሞ ከጎሚስታው ዱካ ላይ ተቀምጦ። ያገኘነው እንዲህ ነው።

ሞተር ቢስክሌት መንገዱን የምትነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ከሰው መዳፍ አይሰፋም። መሄዱም፣ መቆሙም፣ መታጠፉም በእነዚያ ሁለት መዳፎች ነው። የመኪና ጎማ ላዩ ጠፍጣፋ ሲሆን የሞተር ጎማ ክብ ጀርባ ያለው ሞተር ተጋድማ ስለምትታጠፍ ነው፤ ስትጋደም ጎማው በመካከሉ ሳይሆን በትከሻው ይረግጣል። እንግዲህ የእኛ ጎማ ትከሻው ላይ ያለው ምንድን ነው? ተራርቀው የቆሙ ጥቂት ጕጦች። መዳፍ የሚያህለው ቦታ በክፍተት ተበልቶ እውነተኛው ጎማ ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ብቻ ሆነ ማለት ነው። ጕጡም ረዘም ያለ ስለ ሆነ ወደ ጎን ሲገፋ ይታጠፋል፤ ይታጠፍ ይታጠፍና ድንገት ይለቃል። ልሙጡ ጎማ ሲሰለቸው ቀስ ብሎ ያመለክታል፤ ባለ ጕጡ አያመለክትም።

ሁላችንም የተሳሳትንበት ነገር ይህ ነበር፦ ጥርሱ የበዛና የጎላ ጎማ ዝናብ ላይ ይበልጥ ይይዛል ብለን እናምን ነበር። በጭቃ ላይ እውነት ነው። በርጥብ አስፋልት ላይ ግን ከጎማው የሚፈለገው ሌላ ነው። ውሃውን ለማስወጣት የቦይ መጠን በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው መንገዱን የሚነካው የጎማ ብዛትና ልስላሴ ነው። ለስላሳ ጎማ ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። ደረቅ ጎማ ዕድሜ አለው፤ ርጥብ ላይ ግን አይታመንም። ሁለቱን ባንድነት በርካሽ የሚሰጥ ነጋዴ አላገኘንም።

በጎማው ጐን ላይ የተጻፈውን ማንበብም ተማርን። የእኛ የፊቱ 2.75-21 45ፒ ይላል። 2.75 ስፋቱ ነው፣ በኢንች። 21 የቸርኬው የመካከል ለመካከል ስፋት ነው። 45 የሚችለውን ጭነት የሚያመለክት ቍጥር ሲሆን 165 ኪሎ ማለት ነው። ፒ ደግሞ የፍጥነት ፊደል ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር። የኋላው 4.10-18 59ፒ ነው፤ 59 ማለት 243 ኪሎ። የአጋሮው ልጅ ይህን ሲሰማ ከዚያ ቀደም በአንድ ጉዞ ራሱን፣ አንድ ዘመዱንና ሁለት ኩንታል ገደማ የሚሆን ነገር መጫኑን በጣቱ ደምሮ ዝም አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የልደት ቀኑ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ በአራት ቍጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንቱ፣ የኋለኛው ሁለት ዓመቱ። እኛ አስለቅቀን ያወጣነው ባለ ጕጥ ጎማ 2317 ይላል። የ2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት። ልብ በሉ፣ ይህ የፈረንጅ 2017 ነው እንጂ የእኛ አይደለም፤ በእኛ ሲሰላ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይውላል። በራሱ አቈጣጠር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጎማውን ሰባትና ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። ጎማ ደግሞ ተሰቅሎም ያረጃል። ጥርሱ ሳይነካ፣ ሽታው ሳይጠፋ፣ ውስጡ ይደርቃል። «አዲስ ነው» ማለት «ያልተነዳ ነው» ማለት ብቻ ነው።

ንፋሱም ሌላ ታሪክ ነው። ጭቃ ላይ ከጎማው ጥቂት ንፋስ ቢቀንሱለት ተንሰራፍቶ ይይዛል፤ ይህን ማንም የገጠር ሞተረኛ ያውቃል። የአጋሮው ልጅ አንድ ጊዜ ለጭቃ ቀንሶ፣ አስፋልት ሲደርስ መሙላት ረስቶ፣ ጭነቱን እንደ ያዘ ሄደ። ጎማው በቸርኬው ላይ ቀስ በቀስ ዞረ፤ ከመነዳሪውን ይዞ ስለ ዞረ ቫልቩ ከሥሩ ተቀደደ። አጋሮ የደረሰው ሞተሯን እየገፋ ነው። ንፋስ የሚለካው ደግሞ ጠዋት ሳይነዱ ነው፤ ጎማ ሲሞቅ ልኩ ከፍ ስለሚል የሞቀውን ለክቶ «በዝቷል» ብሎ የሚቀንስ ሰው ማታ በጐደለ ጎማ ይገባል።

እዚህ ላይ ለጤና ተማሪዎች አንድ ወሬ እናቀብል። ነፋስ የሚሞላ ጎማን በ1888 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት ሠርቶ የንግድ ዕቃ ያደረገው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ሙያው የከብት ሐኪም ነበር፤ የጀመረውም የልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ድንጋይ ላይ እንዳትንገጫገጭ ብሎ ነው። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ በ1845 ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ግን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ተረሳ። መሐንዲሳችን ይህን ካነበበ በኋላ የከብት ሕክምና ተማሪዎችን በአክብሮት ሰላም ማለት ጀምሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጎማ መምረጫው ጥያቄ ጎሚስታው በመጀመሪያው ቀን የጠየቁን ነው፤ እኛም መልሱ በእጃችን ነበረን። የቤንዚን ዋጋ እንከፋፈል ዘንድ የሕግ ተማሪው ከሚያዝያ ጀምሮ ማን፣ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ነዳ በደብተር ይጽፍ ነበር። በነሐሴ አንድ ማታ ደብተሩን አውጥተን መንገድ በመንገድ ደመርነው። ድምሩ 1140 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚህ 960ው አስፋልት ነው። 60ው የከተማ ኮብልስቶን ነው። አፈሩ 120 ነበር። ለጎሚስታው «ሁልጊዜ» ያልነው ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። የሕግ ተማሪው ግን «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ በእጄ እየጻፍሁ አንድ ቀን አልደመርሁትም» አለ። ከሰኔ ወዲህ «እኔ ነኝ የነዳሁት» ከማለት ሌላ ነገር ሲናገር የሰማነው ያን ዕለት ነው።

መሐንዲሱ «እንግዲህ ነገሩ አልቋል፤ ባለ ቦዩን እንግዛ» አለ። በቍጥሩ ላይ የሚከራከር አልነበረም። ሆኖም ድምፁ አራት ስለ ሆነ ወልቂጤ ደወልን። ትንሹ ድምሩን አስነበበን፤ አንድ በአንድ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አለ፦ «የእናንተን 960 በሚኒባስም ትሄዱበታላችሁ። የእኔን 120 ግን ከሞተሯ በቀር የሚሄድበት የለም። እዚያ ያሉት ሰዎች አስፋልት እስኪደርስላቸው ጥናቱ አይጠብቅም። እኔ ደግሞ እመለሳለሁ።»

ይህን የሚለን በጀሶ የታሰረው ሰው መሆኑ ነው ያስገረመን። በኪሎ ሜትር ብቻ ቢመዘን ሐሳቡ ይሸነፍ ነበር፤ ግን መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አይመዘንም። ደግሞም ጭቃ ላይ የሚወድቅ ሰው በዐሥር ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወድቃል፤ ልብሱን ያጥባል። አስፋልት ላይ ግን በስድሳ ነው። ስለዚህ ጎማው አስፋልቱን ያለ ፍርሃት የሚሄድ፣ ጭቃውንም በትዕግሥት የሚወጣ መሆን አለበት። ይህም በመጀመሪያው ቀን ሦስታችንም ዐይናችንን ያላሳረፍንበት፣ ዝናም ስሙም የሌለው፣ በቆሎ የሚመስለው መካከለኛው ጎማ ነው።

አንዳንድ ሞተረኞች ከፊት የአስፋልት፣ ከኋላ ባለ ጕጥ ያደርጋሉ። ይህንንም ጠየቅን። ጎሚስታው የኋላው ሲንሸራተት ሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ያስተካክላል፣ የፊቱ ሲሄድ ግን ጊዜ አይሰጥም አሉን፤ በፍሬን ጊዜም ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር ከፊቱ አትቆጥቡ አሉ። እኛ ግን ሁለቱ እንዲስማሙ ጥንድ ገዛን። ሳምንቱንና ዓመቱን አነበብን፤ በጐኑ ያለው የአቅጣጫ ቀስትም በትክክል መሆኑን አረጋገጥን። ጎሚስታው ከመነዳሪውን በአዲስ ለወጡልን፤ በመጨረሻም የፊቱን ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «አሁንስ አፈር ላይ ስንት ቀን ትውላለች?» አሉን።

«ከዐሥር አንድ ቀን፣ ጋሼ» አልናቸው።

አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያዳልጥ የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሞተር ሳያጋድሙ፣ ፍሬን ሳያጠብቁ መንዳት ይገባል። ይህን ሥራ ለሕግ ተማሪው ሰጠነው። ቍልፉን ከሣጥኑ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀበት። ከዚያ በየማለዳው ወደ ሰቃ ደርሶ ይመለስ ጀመር፤ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፤ አህያ የጫኑ ሰዎች ሰላም እያሉት።

ትንሹ ባለፈው ሳምንት በምርኵዝ ተመልሷል። ግቢ እንደ ገባ ዶርም አልሄደም፤ ቀጥታ ሞተሯ ወደ ቆመችበት ሄደና ምርኵዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ደብተሩንም ጠየቀ። 138 ኪሎ ሜትር ይላል። የቀረችውን 12 ኪሎ ሜትር የሕግ ተማሪው ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ከሌለ ይጨርሳታል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል።